በኤፍፒጂኤ የፈጣን ግብይት መስመር አሠራር፦ የገበያ መረጃ ከሚገባበት ትዕዛዝ እስከሚወጣበት

ይህ መመሪያ በናስዳክ የአክሲዮን ገበያ የሚሠራን አንድ የፈጣን ግብይት መስመር ከሶፍትዌር ወደ ኤፍፒጂኤ ቺፕ የማዛወርን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ኤፍፒጂኤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም የውስጥ ሰርኪቱ ተጠቃሚው በሚጽፈው ንድፍ መሠረት ሊገጣጠምና እንደገና ሊቀየር የሚችል ቺፕ ነው፤ ዛይሊንክስ የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ኩባንያው ከ2022 ጀምሮ በኤኤምዲ ሥር ይገኛል። በተለመደው ፕሮሰሰር ላይ ፕሮግራም በተራ ይፈጸማል፣ ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ስርዓተ ክወናውም በፈለገው ሰዓት ያቋርጠዋል። በኤፍፒጂኤ ላይ ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሰርኪት ስላለው ሁሉም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ስንት የሰዓት ምት (ቺፑን የሚያስኬደው ሰዓት አንድ ጊዜ የሚመታበት ጊዜ) እንደሚወስድም አስቀድሞ ይታወቃል።

ናስዳክን ለምሳሌነት የመረጥኩት የመልእክቶቹን ቅርጽ በዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ ስለሚያወጣና የሙሉ ቀን ናሙና መረጃም ስለሚያቀርብ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ተማሪ ምንም ካርድ ሳይገዛ፣ በነጻ መሣሪያዎች ብቻ፣ ከዚህ በታች ያለውን የንድፍና የሲሙሌሽን ሥራ ሊለማመድ ይችላል።

ከመጀመሬ በፊት መመሪያው የቆመበትን ሐሳብ ልግለጽ። አብዛኛው ፍጥነት የሚገኘው ከመንገዱ ላይ ሥራ በማንሳት ነው። ቺፑ የሚያፋጥነው መንገዱ ላይ እንዲቀር የተፈቀደለትን ጥቂት ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ምን እንደሚነሳና ምን እንደሚቀር ያልወሰነ ሰው ውድ ካርድ ገዝቶም ብዙ አያተርፍም።

1. ያለውን መዘግየት መለካት

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሶፍትዌር የገበያው ፓኬት ከደረሰበት ቅጽበት ትዕዛዙ እስከሚወጣበት ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይለኩ። በተለመደው የሊኑክስ የኔትወርክ መንገድ የሚያልፍ ፕሮግራም በአሥር ማይክሮሰከንዶች (የሰከንድ ሚሊዮነኛ) የሚቆጠር ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ከርነሉን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን ማዕከላዊ ክፍል፣ ዘልሎ ከኔትወርክ ካርዱ በቀጥታ የሚያነብ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ወደ ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ይወርዳል። በኤፍፒጂኤ ይኸው ሥራ ከመቶ ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮነኛ) በታች ሊያልቅ ይችላል። ስልትዎ አክሲዮን ገዝቶ ለሰዓታት የሚያቆይ ከሆነ ወይም ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ከባድ ስሌት የሚፈልግ ከሆነ፣ ከርነሉን መዝለል ይበቃዎታልና እዚሁ ቢያቆሙ ይሻላል።

ርቀትም ይታሰብ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 5 ናኖሰከንድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ደግሞ ወደ 5 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። የናስዳክ የግብይት ኮምፒውተሮች የሚገኙት በኒው ጀርሲ፣ ካርተሬት ውስጥ ነው። የእርስዎ ሰርቨር በዚያው ሕንፃ በኪራይ ቦታ ካልተቀመጠ በቺፕ የሚያድኑት ናኖሰከንድ በመንገድ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይጠፋል።

2. ሥራውን ለሁለት መክፈል

በቺፑ ላይ የሚቀመጡት ፓኬት ማንበብ፣ የጥቂት አክሲዮኖችን የትዕዛዝ መዝገብ (ገና ያልተፈጸሙ የግዢና የሽያጭ ትዕዛዞች ዝርዝር) መያዝ፣ ዋጋን ከተቀመጠ ወሰን ጋር ማነጻጸር፣ የስጋት ፍተሻና ትዕዛዝ መላክ ብቻ ይሁኑ። ከገበያው ጋር ግንኙነት መክፈት፣ የጠፋ መረጃ ማስመለስ፣ የስልቱን ወሰኖች ማስላት፣ የያዙትን አክሲዮን መጠን መከታተልና መዝገብ መጻፍ በሶፍትዌር ይቆዩ።

ይህ ክፍፍል የግድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። መረጃ ከካርዱ፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው በፒሲአይኢ መስመር፣ ወደ ፕሮሰሰር ደርሶ ለመመለስ ብቻ ወደ አንድ ማይክሮሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ውሳኔው ያንን መስመር ከተሻገረ የቺፑ ጥቅም በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ አስቦ «የዚህ አክሲዮን የመሸጫ ዋጋ እዚህ ከደረሰ ወይም ከዚህ ከወረደ ይህን ትዕዛዝ ላክ» የሚለውን ሁኔታ በቺፑ ሬጂስተሮች (ትንንሽ የውስጥ ማከማቻዎች) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሁኔታውንም ገበያው በተለዋወጠ ቁጥር ያድሰዋል። ቺፑ አያስብም፤ ሁኔታው መሟላቱን አይቶ ይተኩሳል።

3. ካርድና መሣሪያ መምረጥ

የኔትወርክ መስመሩ በቀጥታ ከቺፑ ትራንሲቨር (ምልክት ከመስመሩ ተቀብሎ ወደ መስመሩ የሚልከው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ካርድ ይምረጡ፤ በመካከል ሌላ የኔትወርክ ቺፕ ያለበት ካርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለኤኤምዲ ቺፖች ቪቫዶ፣ ለአልቴራ ቺፖች ኳርተስ የንድፍ መሣሪያዎች ናቸው። ለሲሙሌሽን ቬሪሌተርና ኮኮቲቢ በነጻ ይገኛሉ። ከሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ሰርኪት የሚያወጡ መሣሪያዎችም አሉ፤ የስልቱን ስሌት ለመሞከር ይጠቅማሉ። ፓኬት የሚነበብበትን ክፍል ግን በሲስተም ቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል፣ ማለትም በሰርኪት መግለጫ ቋንቋዎች፣ በእጅ መጻፍን እመክራለሁ፤ እዚያ እያንዳንዱ ምት የት እንደዋለ ማወቅ ግዴታ ነውና።

4. ፓኬቱን እየገባ ሳለ ማንበብ

የሥራው ልብ ይህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው። ናስዳክ የገበያ መረጃውን የሚያሰራጨው ኢች 5.0 በተባለ ፕሮቶኮል ነው፤ መልእክቶቹ ሞልድ ዩዲፒ 64 በተባለ ሽፋን ተጠቅልለው በዩዲፒ መልቲካስት (አንዱ ላኪ በአንድ ጊዜ ለብዙ ተቀባዮች በሚልክበት ዘዴ) ይመጣሉ። ከፍሬሙ፣ ማለትም ፓኬቱን ከነሽፋኖቹ ከያዘው የኤተርኔት ጥቅል፣ መጀመሪያ እንቁጠር። የኤተርኔት ራስጌ 14 ባይት፣ የአይፒ 20፣ የዩዲፒ 8፣ የሞልድ ደግሞ 20 ባይት ነው፤ የሞልዱ 10 ባይት የክፍለ ጊዜው መለያ፣ 8 ባይት ተከታታይ ቁጥር፣ 2 ባይት የመልእክቶች ብዛት ይይዛል። ከዚያ የመልእክቱን ርዝመት የሚናገሩ 2 ባይቶች ይከተላሉ። ድምሩ 64 ነው።

በ10 ጊጋቢት ኤተርኔት ላይ 64 ቢት ስፋት ያለው መስመር በ156.25 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ በየምቱ ማለትም በየ6.4 ናኖሰከንዱ 8 ባይት ይገባል። ስለዚህ ራስጌዎቹ ሁሉ በስምንት ምት ያልቃሉ፤ የመጀመሪያው መልእክት በዘጠነኛው ምት መግቢያ ላይ፣ ምንም ሳይዛነፍ ይጀምራል። የመልእክቱ የመጀመሪያ ባይት ዓይነቱን ይነግረናል፦ 65 ከሆነ አዲስ ትዕዛዝ ወደ መዝገቡ ገብቷል ማለት ነው። የሚቀጥሉት ሁለት ባይቶች የአክሲዮኑ የዕለት መለያ ቁጥር ናቸው። የዚህ መልእክት ጠቅላላ ርዝመት 36 ባይት ሲሆን፣ ዋጋው የመጨረሻዎቹን አራት ባይቶች ይይዛል፤ ከፍሬሙ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ባይት ዜሮ ተብሎ ሲቆጠር፣ ከ96ኛው እስከ 99ኛው ማለት ነው። ይህም በአሥራ ሦስተኛው ምት ይደርሳል።

እንግዲህ የትኛው አክሲዮን እንደሆነ በዘጠነኛው ምት፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ በአሥራ ሦስተኛው ምት እናውቃለን። በመካከሉ ያሉት አራት ምቶች፣ ማለትም 25.6 ናኖሰከንድ፣ ብልህ ንድፍ የሚታወቅባቸው ናቸው። የአክሲዮኑ መለያ እንደታወቀ ወዲያውኑ ከቺፑ ውስጥ ካለው ሜሞሪ የዚያን አክሲዮን ወሰን፣ የስጋት ገደቡንና የተዘጋጀውን ትዕዛዝ ያስጠሩ፤ ዋጋው ሲደርስ የሚቀረው አንድ ንጽጽር ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። ሙሉውን ፍሬም በማቆያ ሜሞሪ አጠራቅሞ ከዚያ ማንበብ የሚጀምር ንድፍ እነዚህን ምቶች በከንቱ ያሳልፋል።

የዕለት መለያው እንደ ስሙ በየዕለቱ ይመደባል። ጠዋት ግብይት ሳይጀመር በሚመጡት፣ ዓይነታቸው 82 በሆኑ መልእክቶች ሶፍትዌሩ የየአክሲዮኑን መለያ አንብቦ 65,536 ቦታዎች ባሉት ሰንጠረዥ ላይ የእርስዎን አክሲዮኖች ምልክት ያደርግባቸዋል። ትናንት የተሞላ ሰንጠረዥ ዛሬ የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ሊያስገዛ ስለሚችል ሰንጠረዡ በየጠዋቱ ባዶ ሆኖ መጀመር አለበት።

ባይቶቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ የተደረደሩ ናቸው። ዋጋውም አራት የአሥርዮሽ ቤቶችን የያዘ ሙሉ ቁጥር ነው፤ 1,502,500 ሲመጣ 150.25 ዶላር ማለት ነው። በመስመሩ ላይ ሁሉ እንደ ሙሉ ቁጥር ይያዝ።

መልእክቱ ልክ በምት መግቢያ ላይ የመጀመሩ ነገር የሚሠራው ግን ለመጀመሪያው መልእክት ብቻ ነው። በአንድ ፓኬት ውስጥ ብዙ መልእክቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከ36 ባይት መልእክት በኋላ የሚመጣው በ102ኛው ባይት ላይ ይጀምራል፣ ይህም ከስምንት ባይቱ ቃል መካከል ሰባተኛው ቦታ ነው። ስለዚህ ባይቶችን እያሸጋሸገ የሚያስተካክል ሰርኪት ያስፈልጋል። የቪላን ምልክት (አንዱን ኔትወርክ ለብዙ የሚከፍል መለያ) በፍሬሙ ላይ ካለ ሁሉም ነገር በ4 ባይት ይገፋል። የአይፒ ራስጌው ከ20 ባይት የረዘመ ከሆነ ፓኬቱን ለሶፍትዌር አሳልፈው ይስጡት፤ ፈጣኑን መንገድ ለሁሉም ዓይነት ፓኬት ማዘጋጀት መንገዱን ያዘገየዋል።

የፍሬሙን ጤንነት የሚያረጋግጡት አራት ባይቶች በፍሬሙ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። እነርሱን ሳይጠብቁ መወሰን በተበላሸ መረጃ ላይ መወሰንን ሊያስከትል ይችላል። አንድ አዲስ ትዕዛዝ ብቻ የያዘ ፍሬም ግን በድምሩ 104 ባይት ስለሆነ፣ ማረጋገጫዎቹ ከዋጋው ጋር በዚያው በአሥራ ሦስተኛው ምት ይገባሉ። በዚህ ጊዜ መጠበቅ ከማረጋገጫው ስሌት በቀር የሚያስከፍለው የለም፤ እኔ ብሆን እጠብቃለሁ። ትዕዛዙን ቀድሞ መላክ ጀምሮ ሐሳብ ሲቀየር የፍሬሙን ጭራ ማበላሸት የሚባል ዘዴ መኖሩ ይታወቃል፤ የገበያውን ኔትወርክ በተበላሹ ፍሬሞች የሚያጨናንቅ በመሆኑ አይጠቀሙበት።

ገበያው አንድ ዓይነት መረጃ በሁለት መስመሮች ይልካል። ሁለቱንም ያዳምጡ፤ በተከታታይ ቁጥሩ እየለዩ ቀድሞ የደረሰውን ይውሰዱ፣ ሁለተኛውን ይጣሉ። ከሚጠበቀው የሚበልጥ ቁጥር ከመጣ የጠፋ መልእክት አለ ማለት ነውና፣ ሶፍትዌሩ የጎደለውን አስመልሶ መዝገቡን እስኪያስተካክል ድረስ ቺፑ ትዕዛዝ መላክ ያቁም።

5. የትዕዛዝ መዝገቡን መያዝ

ትዕዛዝ ሲሰረዝ፣ ሲቀነስ ወይም ሲፈጸም የሚመጡት መልእክቶች፣ ዓይነታቸው 68፣ 88 እና 69 የሆኑት፣ ዋጋም ሆነ የግዢና የሽያጭ ምልክት የላቸውም፤ የሚይዙት የትዕዛዙን የ64 ቢት መለያ ቁጥር ነው። ስለሆነም ከመለያው ወደ ዋጋ፣ ወገንና ብዛት የሚያደርስ የሐሽ ሰንጠረዥ በቺፑ ውስጥ ይኖራል። ሰንጠረዡን በካርዱ ላይ ባለው ውጫዊ ሜሞሪ አያስቀምጡት፤ ቺፑ ውስጥ ያለው ሜሞሪ በአንድ ወይም በሁለት ምት ሲመልስ ውጫዊው ብዙ እጥፍ ይዘገያል። የውስጡ ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ካርድ ጥቂት አክሲዮኖችን ብቻ መከታተል ይመረጣል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ምን እንደሚደረግም ከወዲሁ ይወሰን፦ የዚያ አክሲዮን ትዕዛዝ መላኪያ ይዘጋል፣ ሶፍትዌሩም ይነገረዋል።

6. የስጋት ፍተሻውን ከስልቱ በፊት መሥራት

ብዙ ቡድኖች ስልቱን ቀድመው ይሠሩና የስጋት ፍተሻውን መጨረሻ ላይ ያስገባሉ። እኔ ተቃራኒውን አጥብቄ እመክራለሁ። ፍተሻው ቀድሞ ካልተሠራ በኋላ የሚጨምረው እያንዳንዱ ምት እንደ ኪሳራ ይታያል፣ የመቀነስ ግፊቱም ይበረታል። በአሜሪካ የዋስትና ሰነዶችና ገበያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ያጸደቀው 15ሲ3-5 የተባለው ደንብ፣ ወደ ገበያ በቀጥታ የሚገባ ማንኛውም ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት እንዲፈተሽ ያስገድዳል፤ ሃርድዌር መሆኑ ነጻ አያወጣውም።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የግብይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የደረሰበትን ማወቅ የዚህን ደረጃ ክብደት ያስረዳል። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ፣ በዚያ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ያልተነካ አሮጌ ኮድ ነቃና በ45 ደቂቃ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግብይቶችን ፈጸመ፤ ኩባንያው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። ያ የሆነው በሶፍትዌር ፍጥነት ነው።

ፍተሻዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ዋጋቸው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የትዕዛዙ ብዛትና ጠቅላላ ዋጋ ሶፍትዌሩ ትዕዛዙን ወደ ቺፑ ሲያስገባ ቺፑ ራሱ አስቀድሞ ይፈትሻቸው፤ ማባዛቱ በዚያ ሰዓት ስለሚያልቅ በመተኮሻው ቅጽበት ምንም አያዘገይም። በመተኮሻው ቅጽበት የሚታዩት በሰከንድ የሚላኩ ትዕዛዞች ብዛት፣ የተከማቸው ድርሻ ገደብና የድንገተኛ ማቆሚያው ብቻ ይሁኑ፤ እነዚህ በአንድ ምት የሚያልቁ ንጽጽሮች ናቸው። ሶፍትዌሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ለቺፑ «አለሁ» የሚል ምልክት ይላክ፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ቺፑ በራሱ ይዝጋ። ካርዱ ሲበራም ዝግ ሆኖ ይጀምር፤ የሚከፈተው በግልጽ ሲፈቀድለት ነው።

7. ትዕዛዙን መላክ

ትዕዛዝ ወደ ናስዳክ የሚገባው አውች በተባለ ፕሮቶኮል፣ በቲሲፒ ግንኙነት ላይ ነው። ግንኙነቱን ሶፍትዌሩ ይክፈት፣ ይግባ፣ ከዚያ የቲሲፒውን ተከታታይ ቁጥር ለቺፑ ያስረክብ። ከርክክቡ በኋላ የቁጥሩ ባለቤት ቺፑ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ የሚልከው ነገር ሁሉ፣ ሌላ መልእክት በማይኖርበት ጊዜ በየሰከንዱ የሚላከው፣ ግንኙነቱ ሕያው መሆኑን የሚያሳውቀው የልብ ምት መልእክት ጭምር፣ በቺፑ በኩል ይለፍ፤ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ላይ ከተሻሙ ግንኙነቱ ይበላሻል። ቺፑ የላከው እያንዳንዱ ባይት ቅጂ ወደ ሶፍትዌሩ ይመለስ፤ ፓኬት ቢጠፋ ደግሞ የሚልከው ሶፍትዌሩ ነውና።

የሚወጣው ፍሬም አስቀድሞ ተጽፎ በሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ። የቲሲፒ ቼክሰም (የመልእክቱን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ የሚሰላ ድምር) የማይለዋወጠው ክፍል ድምር አብሮ ይቀመጥና፣ ሲላክ የሚለወጡት መስኮች ብቻ ይደመሩበት። የትዕዛዙ ዋጋ ከመታወቁ በፊት የሚታወቁት የፍሬሙ ራስጌዎች ለመውጣት ተዘጋጅተው ይቆዩ። የመግቢያውና የመውጫው ሰዓት የተለያየ ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ጥቂት ምቶች ይበላል፤ ስለዚህ መሻገሪያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ውሳኔው ካለቀ በኋላ፣ አንዲት «ተኩስ» የምትል ምልክት በምትሻገርበት ቦታ ይሁን።

8. መሞከር

የናስዳክን የሙሉ ቀን ናሙና ፋይል በሲሙሌሽን ውስጥ ያስሮጡ፤ ያንኑ መረጃ በፓይተን ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ለተጻፈ ቀላል ሞዴል ይስጡና ሁለቱ መዝገቦች ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ፋይሉ የኔትወርክ ሽፋኖቹ የሌሉበት ስለሆነ ራስጌዎቹን የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልግዎታል። ይህ በረከት ነው፤ ራስጌዎቹን እርስዎ ስለሚጽፏቸው እንደፈለጉ ሊያበላሿቸው ይችላሉ። የጠፋ ቁጥር፣ የተደገመ ፓኬት፣ ቅደም ተከተሉ የተዛባ፣ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ፍሬም፣ ያልታወቀ የመልእክት ዓይነት ሁሉ ይሞከሩ። በእያንዳንዱ ብልሽት ላይ የሚጠበቀው ውጤት አንድ ነው፦ ትዕዛዝ አይወጣም።

ንድፉ ወደ ቺፑ ሲቀየር መሣሪያው የጊዜ ዘገባ ያወጣል። በዘገባው ላይ አንድ እንኳ አሉታዊ የጊዜ ትርፍ (ምልክቱ በሚፈለገው ጊዜ አልደረሰም ማለት ነው) ካለ ያንን ንድፍ ወደ ሥራ አያስገቡ፤ ዛሬ የሠራ ሰርኪት ነገ ሙቀት ሲጨምር ሊስት ይችላል።

9. መለካት

በካርዱ የውስጥ ቆጣሪ ብቻ አይመኑ፤ ቆጣሪው ትራንሲቨሩ ውስጥ የሚያልፈውን ጊዜ አያይም። በሚገባውና በሚወጣው ፋይበር ላይ ብርሃን የሚከፍል መሣሪያ ያስገቡና ሁለቱን በአንድ ሰዓት ወደሚመዘግብ መሣሪያ ይምሩ፤ ሁለቱም ገመዶች እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ከየት እስከ የት እንደሚለኩም በጽሑፍ ያስፍሩ። ከመጀመሪያው ባይት መግቢያ የሚቆጥር ሰው ዋጋው እስኪደርስ ያለውን 83.2 ናኖሰከንድ ይጨምራል፣ ከመጨረሻው ባይት የሚቆጥር ግን አይጨምርም፤ በዚህ ምክንያት የሁለት ሻጮች ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ አይነጻጸሩም። ከመካከለኛው ቁጥር ጋር ከሺህ አንዱን የዘገየና የሁሉንም ትልቁን ቁጥር ይመዝግቡ። በኤፍፒጂኤ መስመር ላይ በእነዚህ መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ የሆነ ቦታ ወረፋ አለ ማለት ነው።

10. ወደ ሥራ ማስገባት

እያንዳንዱ ንድፍ የራሱን የእትም ቁጥር በአንድ ሬጂስተር ውስጥ ይያዝ። ጠዋት ገበያው ሳይከፈት ሶፍትዌሩ ይህን ቁጥር ከሁሉም ካርዶች ያንብብ፤ አንዱ እንኳ ከተለየ ሁሉም ዝግ ሆነው ይቆዩ። የናይት ካፒታል ስምንተኛ ሰርቨር ይህን በመሰለ ፍተሻ ገበያው ሳይከፈት ይገኝ ነበር።

የመጀመሪያው የሥራ ቀን በአንድ አክሲዮንና በትንሹ የትዕዛዝ ብዛት ይጀመር፤ የስጋት ገደቦቹም ለዚያ ብዛት የሚመጥኑ ይሁኑ። የድንገተኛ ማቆሚያውን ገበያው ክፍት ሳለ፣ ሆን ብለው፣ አንድ ጊዜ ይጫኑትና መሥራቱን በዓይንዎ ይዩ። ማታ ላይ ቺፑ «ላክሁ» ያላቸውን ትዕዛዞች ከገበያው ከሚመጣው የግብይት ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ አንዲት ትዕዛዝ እንኳ በአንዱ በኩል ብቻ ከተገኘች ምክንያቷ እስኪታወቅ ድረስ ካርዱ በማግሥቱ አይከፈት።